ለአዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያ ጉዞ፦ ሦስት ሌሊት በሐረር

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በቁጠባ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ ባልትና ሥራ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የዛሬው ርእሳችን ከእነዚያ ወጣ ይላል። አዲስ ተጋቢ ልጆቻችንና ወጣት አባሎቻችን በትንሽ ገንዘብ፣ ለጥቂት ቀን፣ ሁለት ሆነው አንድ ከተማ እንዴት አይተው ይመለሱ የሚል ነው። «በዚህ ኑሮ ውድነት ሽርሽር ምን ይባላል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ኮሚቴው ውስጥም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ሁለት ስብሰባ ጨርሷል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በቅርቡ ካገቡ ወጣት አባሎቻችን አንዳንዶቹ ለጉዞ የሚሆን ብድር ጠየቁ። መልሳችን አጭር ነበር፤ የማኅበሩ ብድር ለሥራ፣ ለሕክምናና ለትምህርት እንጂ ለመዝናኛ አይወጣም። ይህ ዛሬም አልተለወጠም። ደጋፊዎቻችንም በዚህ በኩል አትስጉ፤ ከእናንተ የመጣ አንድ ሳንቲም ለዚህ ጉዳይ አይነካም። ልጆቹን ከሸኘናቸው በኋላ ግን ለምን እንደጠየቁን ማሰብ ጀመርን።

በእናቶቻችን ዘመን ጫጉላ የሚባል ነገር ነበር። ሙሽሮቹ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ሥራ አይታዘዙም፣ ሚዜ ያጫውታቸዋል፣ ቀስ እያሉ ይላመዳሉ። የዛሬዎቹ ተዋውቀው ነው የሚጋቡት። ይሁንና ቬሎው፣ መኪናው፣ አዳራሹ፣ ቪዲዮው፣ መልሱና ቅልቅሉ ያላቸውን ሁሉ ይጨርስና በሳምንቱ ሁለቱም ሥራ ይገባሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጋብቻ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል፤ ያንን ሦስት ቀን ደግሞ ዘመድ መቀበልና ድንኳን ማስነሣት ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሚገናኙት ማታ ማታ፣ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ወይም በወላጅ ግቢ ከመጋረጃ ወዲህና ወዲያ ሆነው ነው። ሦስት ዓመት በትዳር ቆይተው ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው እራት በልተው የማያውቁ ልጆች በመካከላችን አሉ። ከአዲስ አበባ አንወጣም ማለት አይደለም። ለለቅሶ እንሄዳለን፣ ለሠርግ እንሄዳለን፣ ለንግሥና ለጠበል እንሄዳለን። በእነዚህ ሁሉ ግን ሁለት ሆኖ የሚሄድ የለም፤ ከጎረቤት፣ ከዕድር፣ ከቤተ ዘመድ ጋር ነው።

ሌላም ነገር አየን፤ ለእኛ እንደ ቁጠባ ኮሚቴ ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው። የቁጠባ ደብተሯን እስከ ሳንቲሙ የምታውቅ፣ የባሏን ደመወዝ ግን የማታውቅ አባል ብዙ ናት። ባልም በበኩሉ ሚስቱ ከእንጀራ ሽያጩ ምን እንደሚተርፋት አይጠይቅም፣ እሷም አትነግረውም። ቤት ሲሠራ ወይም ሰው ሲታመም ነው ሒሳቡ በግድ የሚወጣው፤ ያኔ ደግሞ ንግግሩ ጭቅጭቅ ይሆናል። ለሦስት ቀን ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ማቀድ ሁለቱ ሰዎች ያላቸውን በአንድ ወረቀት ላይ እንዲያወጡ ያደርጋቸዋል። ቢሳሳቱ የሚጎዳቸው አንድ ምሳ ወይም አንድ የባጃጅ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነው ብድር ላለመስጠት፣ ዕቅድ ለማውጣት ግን ለመርዳት ነው።

ወረቀቱ ላይ ከሁሉ በፊት ምን ይጻፍ? ከገንዘቡ በፊት ፍላጎቱ ይጻፍ እንላለን። ሁለቱም ለየብቻቸው፣ ሳይተያዩ፣ በዚያ ሦስት ቀን የሚፈልጉትን ሦስት ነገር ይጻፉ። እሷ «ማንም ሳይቀሰቅሰኝ መተኛት» ብላ ልትጽፍ ትችላለች፤ እሱ «ግንቡን ዞሬ ፎቶ ማንሣት» ይል ይሆናል። ይህ ቀድሞ ካልታወቀ አንዷ እንቅልፍ ሲያምራት ሌላው በር ላይ ቆሞ ሰዓት ሲያይ ይውላል። በየቀኑ የእሷ አንድ፣ የእሱ አንድ ነገር ይግባ። የቀረው ሰዓት ባዶ ይሁን። ባዶ ሰዓት የምንለው ከልባችን ነው፤ ልጆቻችን የከፈሉበትን ቀን ሁሉ በጉብኝት መሙላት ይወዳሉ፣ ከዚያ ደክመው ይመለሳሉ።

ቀጥሎ የት ይሂዱ የሚለው ነው። በውይይታችን ሦስት ከተሞች ተነሡ። ሐዋሳ ቅርብ ናት፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላትም ብዙ አያስወጣም። ሁለት ሌሊት ብቻ ያላቸው ወይም ትንሽ ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ እኛም ሐዋሳን እንመርጣለን። ባሕር ዳር ጣናና ገዳማቱ አሏት፣ ግን ለጀልባው የሚወጣው ገንዘብ ለሁለት ሰው ይከብዳል፤ ከቡድን ጋር ቢካፈሉት ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጡ ጥንዶች ሐረርን ያስመረጠን ዋናው ምክንያት በእግር የምታልቅ ከተማ መሆኗ ነው። በግንብ የታጠረው ጁገል ስፋቱ 48 ሄክታር ነው። በዚያች ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች እንዳሉ ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። አንዴ ከገባችሁ ለትራንስፖርት አታወጡም። ከመካከላችን ሐረር ተወልደው ያደጉ አሉ፣ ወደ ድሬዳዋ ለንግድ የተመላለሱም አሉ፤ የምንነግራችሁ ከእነሱ የሰማነውንና ራሳችን ያየነውን ነው።

ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው አውቶቡስ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ከንጋት በፊት ይነሣል፣ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በጭሮና በሂርና አድርጎ በጨለንቆና በቁልቢ በኩል ያልፋል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ሌላው በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ይገባል። ከጭሮ በኋላ ያለው ተራራማ መንገድ መልኩ ያምራል፣ ጠመዝማዛው ግን ሆድ ያውካል፤ ሎሚና የፕላስቲክ ከረጢት ይያዝ። ሁለተኛው ባቡር ነው። ከለቡ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ድሬዳዋ ያደርሳል፤ በየቀኑ ይነሣል ብላችሁ ሳትተማመኑ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሦስተኛው አውሮፕላን ነው፣ ድሬዳዋ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሚኒባስ ይደረሳል።

አውሮፕላን ተሳፍረው ለማያውቁ አንድ ነገር እንንገር። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:00 ካለ የእኛ አንድ ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት ነው ብሎ ምሳ በልቶ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም። 13:30 ካለ ደግሞ የእኛ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሲገዙ ጎኑ ላይ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር በእስክሪብቶ ይጻፉበት።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ከመነሣታቸው ሁለት ቀን በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት የተመላለሰን ሰው ይጠይቁ፤ ሾፌሮች ያውቃሉ። መልሱ ካላማረ ቀኑን ማዛወር ነው፤ ለዚህ ሲባል ሆቴሉን ሲያነጋግሩ ቀብዱ ለሌላ ቀን ይሠራ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ።

መቼ ይሂዱ? ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በእነዚያ ቀናት ዙሪያ አውቶቡሱም አልጋውም ይጠባል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ተሳላሚ ለመሆን ከሆነ በሰላም ይሂዱ፣ ለሽርሽር ግን አይደለም። በረመዳን ጾም ቀን ቀን የጁገል ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፤ ማታ ደግሞ ከተማው ሌላ መልክ አለው፣ ይህን አውቆ የሚሄድ ሰው አይከፋውም። ከሳምንቱ ቀናት ረቡዕ ወጥቶ ቅዳሜ መመለሱን እንመክራለን። እሑድ እረፍት ይሆናል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ሰኞ ሥራ የሚገባው ሰው ዐሥር ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ባደረው ወገቡ አይገባም።

እዚህ ላይ የሚረሳ ወጪ አለ። ባል ተቀጣሪ ከሆነ የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፤ በአዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን አለው፣ ደመወዙም አይቀርም። ሚስት እንጀራ ሻጭ ወይም ጉሊት ነጋዴ ከሆነች ግን አራት ቀን ስትቀር የአራት ቀን ገቢዋ ይቀራል፣ ደንበኛም ወደ ሌላ ሊሄድባት ይችላል። ይህ ገንዘብ ከእጅ ስለማይወጣ ማንም አይጽፈውም። እኛ ግን ይጻፍ እንላለን፤ የጉዞው ወጪ አካል ነው። ወይ ከሁለቱ የጋራ ቁጠባ ይተካላት፣ ወይ አንዲት እኅታችን በትርፍ ተካፋይነት ቦታዋን ትጠብቅላት። ባሎችም ይህን መስመር በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚስቶቻቸው ሥራ በቀን ስንት እንደሚያወጣ ያስተውላሉ።

ገንዘቡን በምሳሌ እንየው። ሁለቱም በሳምንት 250 250 ብር ቢያስቀምጡ በስድስት ወር፣ ማለትም በ26 ሳምንት፣ 13,000 ብር ይሆናል። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ሳይሆን ክፍፍሉን ያዙ። ከዐሥር እጅ አራቱ ለመንገድ ይሁን፣ ይህም 5,200 ነው። ሁለቱ እጅ ለመኝታ፣ ሁለቱ እጅ ለምግብ፣ ለየአንዳንዳቸው 2,600 ይመጣል። አንዱ እጅ፣ 1,300 ብር፣ ለአስጎብኚ፣ ለመግቢያና ለስጦታ ነው። የመጨረሻው አንድ እጅ መጠባበቂያ ነው፤ እሱን ለሁለት ከፍለው እሷም እሱም ይያዙት። መንገድ ላይ ቦርሳ ቢሰረቅ ወይም ቢኮራረፉ (ይህም ይሆናል) ሁለቱም ቤታቸው መመለሻ ይኑራቸው። በአውሮፕላን መሄድ የፈለጉ መንገዱ ከአራት እጅ ያልፍባቸዋል፤ እነሱ ሁለት ወር ጨምረው ይቆጥቡ እንጂ ከምግቡ አይቀንሱ። በቴሌብር መክፈል በብዙ ቦታ ይቻላል፤ ለሚኒባስ፣ ለባጃጅና ለገበያ ግን ዝርዝር ብር ይያዝ።

ስለ ስጦታ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። እኛ ሀገር ሰው ከጉዞ ባዶ እጁን አይመለስም። ለእናት፣ ለአማት፣ ለእኅት፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ እየተባለ የጉዞው ገንዘብ የሚያልቀው በመጨረሻው ቀን ነው። አንድ ቤት አንድ ነገር፣ እሱም ተካፍሎ የሚበላ ቢሆን ይበቃል። ሐላዋ ወይም ሙሸበክ ለዚህ ይሆናል፣ የሐረር ቡናም ይሆናል። ሞሰብና ስፌት ያማረው ሰው ከዕቅዱ ውጭ ለብቻው ይቆጥብ።

«ዘመድ እያለ ለምን ሆቴል?» የሚልም አለ። ሐረር ወይም ድሬዳዋ አክስት ያላቸው ልጆች በአክስት ቤት ቢያድሩ ርካሽ ይመስላል። አክስቲቱ ግን ዶሮ ያርዳሉ፣ ቤተ ዘመዱን ይጠራሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ስኳርና ዘይት ይዘው ይገባሉ፣ ሦስቱም ቀን በጥየቃ ያልቃል። ዘመድ ይጠየቅ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ለማደሪያ ግን ሁለቱ ብቻቸውን የሚዘጉት በር ያስፈልጋቸዋል። በጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች አሉ፣ ከግንቡ ውጭ ደግሞ መጠነኛ ሆቴሎች አሉ። ስልክ ሲደውሉ ከዋጋው በፊት ውኃ መኖሩን ይጠይቁ፤ ሐረር በውኃ እጥረት የምትቸገር ከተማ ናት። በርሜል ወይም ታንከር ያለው ይመረጥ። መታወቂያ ሁለቱም ይያዙ።

አሁን ወደ ከተማዋ እንግባ። በመጀመሪያው ማታ ምንም አይታቀድ፤ ታጥቦ መብላትና መተኛት ነው። በማግሥቱ ጠዋት በፈጢራ ይጀመር፤ በእንቁላልና በማር የሚቀርበው የምሥራቁ ቁርስ ነው፣ ለሁለት ሰው አንዱ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ፈረስ መጋላ ሄዶ መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ለግማሽ ቀን መያዝ ጥሩ ነው። ዋጋው፣ ሰዓቱና የሚታዩት ቦታዎች በቅድሚያ ይነገሩ። ለሁለተኛው ቀን አስጎብኚ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀን መንገዱ ይለመዳል፣ ቢጠፉም ቁልቁል ወይም ሽቅብ ሲሄዱ ከግንቡ ጋር ይገናኛሉ። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል፤ ቁመቱ አራት ሜትር ያህል ነው፣ የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲሰፉ የሚሰማው ድምፅ ነው ስሙን የሰጠው። ከመካከላችን የልብስ ስፌት ሥራ ላይ ያላችሁ ይህን መንገድ ብታዩት ትደሰታላችሁ። ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት ይቻላል፣ ልክ ተወስዶ በአጭር ጊዜ ያልቃል። አንዲት ወጣት ሚስት ከሦስት ቀን ጉዞዋ ይዛ የምትመለሰው ቀሚስ ከዚህ ቢሆን ከሆቴል በር ከሚሸጠው ጌጥ ይሻላል እንላለን።

ዋናው ግን የሐረሪ ቤት ነው። በሐረሪኛ ጌይ ጋር ይባላል። ለጎብኚ ክፍት የሆኑ አሉ፣ ባለቤቶቹ ሴቶች ናቸው ብዙ ጊዜ የሚያስጎበኙት፤ መጠነኛ ክፍያ አለ። ሳሎኑ ውስጥ አምስት መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። መደቦቹና ወለሉ ቀይ ናቸው። ቀይ የሆኑት በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ ያስረዳሉ። በአውቶቡስ የመጡ ልጆች ያንን ቦታ አልፈውት ስለመጡ ነገሩ ለእነሱ ሩቅ አይሆንም፤ በዚያ ጦርነት ከየወገኑ የወደቁት የእኛም የእነሱም አያቶች ስለሆኑ ዝም ብሎ ማዳመጥ ተገቢ ነው። ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ነው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ከሳሎኑ ጎን ደግሞ ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። ጥንት ሙሽሮች ተጋብተው አንድ ሳምንት ያህል ከዚያች ክፍል ሳይወጡ ይቆዩ ነበር፤ ምግባቸው በትንሽ መስኮት ይሰጣቸው ነበር ይላሉ። ልጆቻችን ይህችን ክፍል ሲያዩ እንደሚሳሳቁ እናውቃለን። የእኛም የጫጉላ ቤት ዘመድ ናት፤ ለሙሽሮች የሚዘጋ በር የሰጠው ማኅበረሰብ አማራ ወይም ኦሮሞ ወይም ሐረሪ ብቻ አይደለም።

ለባለቤቲቱ አንድ ጥያቄ ይቅረብላቸው፤ ስለ አፎቻ ይንገሯቸው። አፎቻ እንደ ዕድራችን ያለ የሐረሪዎች መረዳጃ ነው፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይቆማል፣ የሴቶቹና የወንዶቹ ለየብቻ ነው። ስለ አሠራሩ ሰምታ ተመልሳ በዚህ መድረክ ለምትነግረን ወጣት ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ይሰጣል። እኛ ራሳችንን የምናስተዳድርበትን ሥርዓት ከሩቅ ሀገር በመጣ ሥልጠና ብቻ የተማርን ይመስለናል፤ ጁገል ውስጥ ሴቶች ያለ ሥልጠና ሲሠሩት ኖረዋል።

ለሁለተኛው ቀን ጠዋት የሸሪፍ ሙዚየም አለ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ጌጦች፣ ልብሶችና ሳንቲሞች የተቀመጡበት ነው። ቤቱ የራስ ተፈሪ ቤት ይባላል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ገና ደጃዝማች ሳሉ ጫጉላቸውን በዚህ ቤት አሳልፈዋል ተብሎ ይነገራል። በዚያው አካባቢ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የተጠራው ቤት አለ፤ የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ለማየት ይጠቅማል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያዩ ከሆነ የሸሪፍን ይዩ። ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ በጠዋት ይድረሱ። ከቀትር በኋላ ከተማዋ ፈዘዝ ትላለች፣ የጫት ሰዓት ነው። ልጆቻችን እንግድነታቸውን አይተው «ቅመሱ» የሚላቸው አይጠፋም፤ ምስጋና አቅርቦ ማለፍ ነውር የለበትም። ያ ሰዓት ለእንቅልፍ ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ እየጠጡ ለመጨዋወት ይሁን።

ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ጅብ ይበላል። የጅብ መጋቢው በስማቸው እየጠራ ሥጋ ይሰጣቸዋል፤ የደፈረ እንግዳም በእንጨት ሰክቶ ያጎርሳል። የሚከፈለው ከመቀመጥ በፊት ይነገር፣ መመለሻ ባጃጅም እዚያው እንዲጠብቅ ይደረግ፣ ሲጨልም ማግኘት ያስቸግራል። የፈራ ሰው አይገደድ፤ ባል ሚስቱን በቪዲዮ ለመቅረጽ ብሎ የሚገፋፋበት ጨዋታ አይደለም።

ስለ አለባበስ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴት ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ድንጋይ መንገድ የሚችል ጫማ። በገበያ ያሉ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት አይገባም፤ እኛም ጉሊት ላይ ስንቀመጥ ያስቆጣናል። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ደጋ ቀመስ ነው፣ ማታ ሹራብ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ቆላ ናት። በባቡር ወይም በአውሮፕላን የሚመለሱ ከድሬዳዋ ግማሽ ቀን ቢያተርፉ ቀፊራ ገበያን አይተው ከዚራ ጥላ ሥር መቀመጥ ይበቃቸዋል። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። እዚያ የሚያድሩ ከሆነ ወባ ስላለ አጎበር ያለው ክፍል ይጠይቁ። እርጉዝ የሆነች ልጅ ደግሞ ከጉዞው በፊት ጤና ጣቢያ ቀርባ ትማከር፣ ለእሷ የአውቶቡሱን መንገድ አንመክርም።

በመጨረሻ የምንናገረው ለልጆቹ ሳይሆን ለራሳችን፣ ለአማቶችና ለእናቶች ነው። ልጆቹ በወጡ በሁለተኛው ቀን ስልክ የምንደውል እኛ ነን። «የት ደረሳችሁ? ምን በላችሁ? ያ ሰው ደወለላችሁ?» እንላለን። ሲመለሱ ደግሞ «ስንት አወጣችሁ?» ብለን በጎረቤት ፊት እንጠይቃለን። ኮሚቴው የሚለምናችሁ፣ በሰላም መድረሳቸውን በአጭር መልእክት ይንገሯችሁ፣ ከዚያ በኋላ እስኪመለሱ ዝም በሉ። ሕፃን ልጅ ያላቸው ከሆነ ልጁን ተቀበሏቸው፤ ጡት የተወ ከሆነ ሦስት ሌሊት አያቱ ጋ ማደር ይችላል። ወጪውን የምታውቁት እነሱ ሲነግሯችሁ ብቻ ይሁን።

ማቀድ የምትፈልጉ ጥንዶች ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከስብሰባ በኋላ ሒሳብ ያዣችንን ማነጋገር ትችላላችሁ። አንድ ደብተር ይዛችሁ ኑ፣ ሁለታችሁም ኑ፤ አንዳችሁ ብቻ ከመጣችሁ ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። የጉዞ ቁጠባው ከመደበኛው ቁጠባ ተለይቶ በሁለታችሁ ስም ይመዘገባል፣ ሲወጣም የሁለታችሁ ፊርማ ይጠየቃል። መደበኛውን ሳምንታዊ ቁጠባ ያቋረጠች አባል በዚህ መዝገብ አትገባም። ከጉዞው የተረፈ ገንዘብ ካለ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ጻፉ፤ ተመልሳችሁ ከምትከራከሩበት ይሻላል።

ቡናው ተቆልቷል፤ ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን እንቀጥል።